አሸንዳው ላይ የተቀመጠው በረዶ

በአገራችን በረዶ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ ማሳው ነው። "በቆሎዬ! በርበሬዬ! ድንቼ!" እያለ በር ላይ ቆሞ ይጮኻል። ወደ ገዛ ክዳኑ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ አናጢ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ገብቼ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቤት ስከድን ኖሬአለሁ። ስለዚህ በረዶ ሲመጣ የማየው ወደ ላይ ነው። ሚስቴ "ሰማዩን ልታስፈራራው ነው እንዴ?" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ ያየሁትን አላየችም።

በረዶ ውሃ አይደለም። ዝናብ የቱንም ያህል ቢከብድ ይወርዳል፣ ይሄዳል። በረዶ ግን ይቀመጣል። በተለይ ሁለት ክዳን ተገናኝቶ መሐሉ ላይ አሸንዳ ካለ፣ ከግራም ከቀኝም እየተንከባለለ እዚያ ይከማችና የአሸንዳውን አፍ ይደፍነዋል። ከዚያ በላዩ ዝናብ ይመጣል። ውሃውም መሄጃ ያጣና እዚያው ይተኛል። ያን ጊዜ ክዳኑ ምን ያህል ክብደት እንደተሸከመ ከእንጨቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ይህን የተማርሁት ቡሬ ነው። ገና ወጣት ሳለሁ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን በረዶ ከብዶት ወደቀና ቆርቆሮውን እንድናነሳ ተጠራን። የገረመኝ ነገር፣ መጋዘኑ የወደቀው በረዶው ካቆመ በኋላ ነበር። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው "ተመስገን፣ አለፈልን" ብሎ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ አንድ ወዛደር ጆንያ ሊያነሳ ሲገባ ነው ክዳኑ የተደፋበት። ሰውየው ተረፈ፤ እግሩ ግን አልተረፈም። አብሮን የነበረ ሽማግሌ አናጢ የተሰበረውን አጣና ከጭቃው ውስጥ አንስቶ አሳየኝና "ባሕር ዛፍ ከመሰበሩ በፊት ይጮኻል፤ ያስጠነቅቅሃል። ሲጮኽ ቆይቶ ድንገት ዝም ካለ ግን አትጠይቅ፣ ሩጥ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረዶ በጣለ ቁጥር ክዳን አዳምጣለሁ። ሰው እብድ ቢለኝም ግድ የለኝም።

ወንድሜ ቄስ ነው። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተሂዶ ነው መንደሩ። ክህነት ከተቀበለ ጀምሮ አንቱ እለዋለሁ። ሲያበሳጨኝ ግን አንተ ያመልጠኛል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈኛል። የሰፈሩ ግማሽ ሰው የነፍስ አባት እሱ ነበር። የታመመ ሲጠይቅ፣ የተጣላ ሲያስታርቅ፣ የሞተ ሲፈታ ነው የሚውለው። በበዓል ቀልድ አያውቅም። በሰንበትና በታቦት ቀን በሬ የጠመደ፣ መጥረቢያ ያነሳ፣ ሚስማር የመታ ሰው ስሙ ከጉባኤ ፊት ይነሳል። "በዓል ሲሻር በረዶ ይወርዳል። የሻረው አንድ ሰው ነው፤ የሚመታው ግን የሁላችሁም ማሳ ነው" ብሎ ሲያስተምር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሰውም ያምነዋል። እኔን ግን "ከተማ ገብተህ ተበላሽተሃል" ይለኛል።

ትልቋን ልጁን ሊድር ሲል ቤቱ ጠበበውና "ከኋላ በኩል አንድ ክፍል ቀጥልልኝ" አለኝ። ከቤቱ ጀርባ አንድ አሮጌ ወይራ ቆሟል፤ እሱ ደግሞ አይቆረጥም። ስለዚህ አዲሱን ክፍል ከቅርንጫፎቹ ሥር እንዲገባ ዝቅ አድርጌ ለብቻው ከደንሁትና በሁለቱ ክዳኖች መሐል አሸንዳ አወጣሁ። ከአሸንዳው ሥር የሚሸከም አንድ ረጅም አግዳሚ ያስፈልግ ነበር። የደረቀ እንጨት ጠፋ፣ ሠርጉ ደረሰ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ቆርጬ አጋደምሁና "ከሠርጉ በኋላ እቀይረዋለሁ" አልሁ። ሠርጉ አለፈ፤ አንድ ክረምት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ለሰው ቤት ስሮጥ የወንድሜ ቤት እንዲሁ ቀረ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ይኼ ነው። ረሳሁት ብል ደግሞ ውሸቴን ነው። አልረሳሁትም። ነገ፣ ነገ እያልሁ ነው።

በግንቦት መጨረሻ ያቺው ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እንደ አገሩ ልማድ ወደ እናቷ ቤት መጣች። ሽንዲ ጤና ጣቢያ ወንድ ልጅ ተገላግላ በደኅና ገባች። እኔ ልጠይቃት የሄድሁት ሰኔ አሥር ቀን ነው፤ ሐሙስ ነበር። ሕፃኑ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። የተኛችው እኔ በሠራሁት ክፍል ነው። አልጋዋ ደግሞ ትክክል ከአግዳሚው ሥር!

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ ገና ሳልቀመጥ ቀና አልሁ። ኮርኒስ ብለው የወጠሩት ሸራ ላይ ሰፊ ቡናማ እድፍ ወጥቷል። ሸራውን በዘንግ ገለጥ አድርጌ ሳይ ክው አልሁ። አግዳሚው ጎብጧል። ከኪሴ ሲባጎ አወጣሁና ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርጌ ወጠርሁት። መሐሉ ላይ እንጨቱ ከሲባጎው ሦስት ጣት ወርዷል። አንድ ቦታም ከሥሩ በኩል ቀጭን ስንጥቅ አለው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያፈስ?" አልኋት።

"ባለፈው ሳምንት በረዶ ከጣለ ወዲህ ነው አጎቴ። ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይንቋቋል። እናቴ አይጥ ነው ትላለች።"

አይጥ! እኔ ነኝ አይጡ። ልጅቱን እንዳላስደነግጣት ሳቅ ብዬ ወጣሁና የወንድሜን ሚስት ጓዳ አገኘኋት። "እትዬ፣ አልጋዋን ዛሬውኑ ወደ ትልቁ ቤት እናዙረው" አልኋት። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ አየችኝ። ትልቁ ቤት እሳት የሚነድበት ነው፤ ለአራስና ለጨቅላ ጭስ አይሆንም። በዚያ ላይ ቅዳሜ የሰኔ ሚካኤል ነው፤ የማኅበሩ ጽዋ ተራ እነሱ ጋ ደርሷል። ጠላው ተጠምቋል፤ ቤቱ በእንግዳ ሊሞላ ነው። "አራሷን የት ላርጋት? ጉያዬ ውስጥ ልክተታት?" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

እንግዲያው ሌላው መንገድ ባላ ማቆም ነው። ባላ ማለት ጫፉ መንታ የሆነ ቋሚ ነው። መንታውን ከአግዳሚው ሥር ታገባና ከታች ጫፉ ሹል የሆነ የእንጨት ቁራጭ፣ ሽብልቅ፣ እየመታህ ታወጥረዋለህ፤ ክብደቱን ለመሬት ያስተላልፋል። ሁለት ባላ ይበቃ ነበር። ግን ደረቅ እንጨት መሆን አለበት፤ በእርጥብ አንዴ ተበልቻለሁ። ዓርብ ዕለት ከጧት ጀምሬ ከቤት ቤት ስዞር ዋልሁ። ቀትር ላይ በረዶ ጣል አደረገ። ብዙም አልነበረ፣ ነጭ ሆኖ ሳይቆይ ቀለጠ። የከብት በረት ያፈረሰ አንድ ገበሬ ሁለት የደረቀ የወይራ ባላ ሰጠኝና በአህያ ጭኜ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሮጬ ገብቼ ሲባጎውን ወጠርሁ። አራት ጣት ሆኗል።

ባላውን ልጠርብ መጥረቢያዬን ሳነሳ ወንድሜ ከበሩ ላይ ቆሟል።

"ዋዜማ ገብቷል" አለኝ።

"አባ፣ ሁለት ሽብልቅ መምታት ነው። ማንም አይሰማም።"

"እግዜር አይሰማም?"

"እግዜርማ አግዳሚውንም ይሰማዋል።"

"አንተ! አፍህን ሰብስብ!"

"ልጅህ ናት እኮ! የልጅ ልጅህ ነው እኮ ከሥሩ የተኛው!" አልሁት። አንተ አመለጠኝ።

ደጃፉ ላይ ካለው ግንድ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ባለፈው ዓመት በጊዮርጊስ ቀን አንድ ድሀ አጥሩን ሲጠግን ተገኘ። ከብቶቹ ወጥተው የሰው እህል ሊያበሉት ነው፤ ቢቸግረው ነው። ችግሩን አስረድቶት ነበር። ወንድሜ ግን ከጉባኤ ፊት አቁሞ ገሠጸው። "ሰውየው አለቀሰ" አለኝ። "ዛሬ ከኔ ቤት መዶሻ ቢሰማ ያን ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ሰኞ ገና ሳይነጋ መሰላሉን እኔው ራሴ እይዝልሃለሁ። ሚካኤል ሁለት ቀን ይጠብቅልን።"

"ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ብዬ አጉረመረምሁ። ሰምቶኛል። እኔም ባላዎቹን ከግድግዳው አስደግፌ ተውሁት። ዛሬ ሳስበው፣ ዕድሜ ልኬን ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ የኖርሁ ሰው፣ ያን ቀን እንዴት በዚያ ቃል ብቻ እንደተረታሁ አይገባኝም። ምናልባት የሠራው የራሴ እጅ ስለሆነ አፍሬ ይሆናል።

ቅዳሜ ጧት ንግሥ ነው፤ መንደሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። አራስ ብቻዋን አትቀመጥም፤ የወንድሜ ሚስት ልትቀር ስትል "ሂጂ እትዬ፣ እኔ ጉልበቴን አሞኛል፣ እጠብቃታለሁ" አልኋት። ጉልበቴ ምንም አልሆነም። ደጁ ጭር ሲል መጥረቢያዬን አነሳሁ።

መጀመሪያ መዶሻውን ጆንያ ጠቀለልሁበት። ባላውን ከአልጋዋ ራስጌ በኩል አቆምሁ፣ መንታውን አስገባሁ፣ ሽብልቁን ከሥር ደግኜ መታሁ። ጆንያ የለበሰ መዶሻ ደግሞ ሽብልቅ አያስገባም! ቡፍ ቡፍ ይላል እንጂ። ጆንያውን ወረወርሁት። ባዶውን መዶሻ ሰባት ጊዜ መታሁ። በሰባተኛው አግዳሚው ከላይ እህ አለና በባላው ላይ ተቀመጠ። ሸክሙን ሲያስረክበኝ በእጄ ተሰማኝ።

ሁለተኛውን ባላ ሳነሳ ልጅቱ ከአልጋው ላይ እጄን ያዘችኝ። እንባዋ ይወርዳል። "ኧረ አጎቴ፣ ስለ ማርያም ይተዉት። በሚካኤል? ልጄ ገና ክርስትና አልተነሳም። አንድ ነገር ቢሆንብኝ ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይቀበለውም። ይቀስፍብኛል፣ ይተዉልኝ።" ሕፃኑም ተነስቶ ማልቀስ ጀመረ። ከሩቅ የከበሮ ድምፅ ይሰማል፤ ታቦቱ ሊወጣ ነው። ምን ላድርግ? አንዱ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልሁ። በአናጢነት ቋንቋ ይበቃል የሚባል ነገር እንደሌለ ከኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ሁለተኛውን ባላ መልሼ ከውጭ አስደገፍሁት።

ከቀትር በኋላ እንግዳው መጣ። ጾም ነውና ሽሮና ክክ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፣ ጽዋው ዞረ። እኔ ግን አልበላልህ አለኝ። በየደቂቃው ወደ ደጅ እወጣለሁ። ከዓባይ በረሃ በኩል ደመና ተነስቷል፤ ሆዱ ጠቁሮ ጠርዙ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ነፋሱ ቆሟል። ዶሮዎቹ ሳይመሽ ቆጥ ላይ ወጥተዋል። "ይኼ ነገር ጥሩ አይደለም" አልሁ። አንድ የማኅበርተኛ ሽማግሌ "አናጢው፣ ተቀመጥ እንጂ፤ አንተ ብትቆም ዝናቡ ይቀራል?" አለኝና ሁሉም ሳቁ።

መጀመሪያ አንድ ጠብታ ቆርቆሮውን ኳ አደረገው። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ማንም የማንንም ድምፅ መስማት አልቻለም። ሰው አፉን ሲከፍት ይታያል እንጂ ቃሉ አይሰማም። ሴቶቹ ተንበርክከው እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ወንድሜ መስቀሉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ አንድ ጎላ ድስት ራሴ ላይ ደፍቼ ወጣሁና ከወይራው ሥር ሆኜ ወደ ክዳኑ አየሁ። የበረዶው ፍሬ እንደ አተር አይደለም፤ እንደ ለውዝ ነው። ከሁለቱም ክዳን እየተንሸራተተ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። የአሸንዳው አፍ ተደፍኗል፤ አንድ ጠብታ ውሃ አይወጣበትም። እያየሁት ነጩ ነገር እስከ ጠርዙ ሞላ። ከጠርዙም በላይ ተቆለለ።

ስመለስ ወንድሜን በጆሮው "ክዳኑ መጠረግ አለበት! አሁኑኑ!" ብዬ ጮህሁበት። እንግዶቹን አየ። እኔን አየኝ። ያን ፊት አልረሳውም፤ ሰው በሁለት ገመድ ሲጎተት እንዲያ ነው የሚሆነው። በረዶውም እንደ ጀመረው ድንገት ቆመ። "ተመስገን! ተመስገን!" አለ ቤቱ ሁሉ። ሰዎቹ ማሳቸውን ሊያዩ ወደ በሩ ተጋፉ። እኔ ግን ተመስገን ማለት አቃተኝ፤ ቡሬ ያ ወዛደር ጆንያውን ሊያነሳ የገባው በዚህ ሰዓት ነበር። ከኋላ ክፍል በኩል አግዳሚው ሲጮኽ ይሰማኛል። ረጅም፣ የሚያቃስት ድምፅ ነው።

ያን ጊዜ ወንድሜ መስቀሉን ለሚስቱ ሰጣትና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "መሰላሉን አምጣ፣ አካፋም አምጣ" አለኝ። በሰኔ ሚካኤል፣ የማኅበሩ ሰው እያየ፣ ጥምጣሙን እንዳደረገ! አንድ ሽማግሌ "አባ፣ ኧረ ቀኑ?" አለ። መሰላሉን አስደገፍሁ፤ ወንድሜ ወጣ። እኔ ከሥር ይዤለት ሦስተኛው እርከን ላይ ሲደርስ የአግዳሚው ጩኸት ቆመ።

ዝም አለ። ጭጭ።

መሰላሉን ከነወንድሜ ትቼ ሮጥሁ። የአራሷ መጋረጃ ጋ እናትየዋ ቆማለች፤ እጇን ዘርግታ "በዚህ ብርድ አራሴን ልታወጣብኝ ነው?" አለችኝ። "ዞር በይ!" ብዬ ገፋኋት። ዕድሜ ልኬን ገፍቻት አላውቅም። መጋረጃውን ስይዝ ከላይ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ። ቆርቆሮ፣ በረዶ፣ ጭቃ ውሃ፣ የተቀደደ ሸራ አንድ ላይ ወረደ። ደረቴን መታኝና ወደ ኋላ ወደቅሁ።

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። የልጅ ድምፅ የለም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ወደፊትም አልፈራም። ወንድሜ ከየት እንደመጣ አላየሁትም፤ ከጎኔ ተንበርክኮ በረዶውን በባዶ እጁ ይዝቃል፤ ጥምጣሙ ተፈቶ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፤ "ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄ" ይላል። እኔም እዝቃለሁ። አንድ ቆርቆሮ ገልበጥ ስናደርግ ሕፃኑ እሪ አለ። ያን ለቅሶ ስሰማ እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጥሁ።

አግዳሚው ከመሐሉ ተሰብሯል። ባላ ያልቆመለት ወገን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ተደፍቷል። በራስጌ በኩል ያለው ግማሽ ግን በባላው ላይ ቆሟል፤ ልጅቱም ልጇን ደረቷ ሥር አድርጋ እዚያ ጥግ ተኮማትራ አገኘናት። በረዶው እስከ ጉልበቷ ሸፍኗታል። ካልቀዘቀዘች በቀር አንድ ጭረት አልነካትም። ሴቶቹ እልል አሉ። "የሚካኤል ክንፍ ነው የከለላት!" አሉ። ወንድሜ ግን ባላውን አየ። አዲስ የተጠረበውን ሽብልቅ በጣቱ ነካው፤ መዶሻው የመታውን ቦታ ዳሰሰው። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

ወጥተን ስናይ አገሩ ጠፍቷል። ጉልበት የደረሰው በቆሎ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ሊዛወር የደረሰው የበርበሬ ችግኝ ከመደቡ ጋር ተጠርጎ ሄዷል። ድንቹ ታጭዷል። ሰው በየማሳው ዳር ቆሟል፤ የሚያለቅስ እንኳ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ ሆነ። ያ ባለፈው ዓመት አጥሩን በመጠገኑ የተገሠጸው ሰው ተነሳ። ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለ። "ትናንት ታቦቱ ሳይወጣ ከቤትዎ መዶሻ ተሰምቷል። እናቴ ታማ ቤት ውላ ነበር። ሰባት ጊዜ ነው የተመታው፤ ቆጥራዋለች። እኔ አጥሬን ስጠግን አንዲት ፍሬ በረዶ አልወረደችም፤ እንዲያም ሆኖ አቁመውኝ ነበር። ዛሬ በማሳዬ አንድ ቅጠል የለም። የማን መዶሻ ነው?"

እኔ ከግድግዳው ሥር ነበርሁ። ልነሳ አልሁ። እውነቴን ነው፣ እጄን መሬት አስደግፌ ልነሳ አልሁ። ወንድሜ ቀደመኝ።

"ከኔ ቤት ነው። ያዘዝሁትም እኔ ነኝ" አለ። "ወንድሜ በዓል ነው ብሎ እምቢ ብሎኝ ነበር። ግድ አልሁት።"

ወንድሜ በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስቀል በእጁ ይዞ ዋሸ። እኔስ? እኔ መልሼ ተቀመጥሁ። ብናገር ቄሱን ወንድሜን በጉባኤ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው እያልሁ ራሴን አባበልሁ። ግን ያ አይደለም። በሙሉ ዓይን የሚያዩትን ሰዎች ፊት አየሁ፤ ማሳቸው የጠፋባቸውን ሰዎች ፊት አየሁና ፈራሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥሁት። እስካሁንም ይፈጀኛል።

ማንም አልሰደበውም። የኛ አገር ሰው አይሳደብም፤ ከዚያ የከፋ ነገር ያውቃል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የነፍስ ልጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ ጉልበቱን ስመው ተሰናበቱት። አንዱ "መንገዱ ራቀብን አባ" ይለዋል፤ ቤቱ ከአጥሩ ማዶ ነው። ሌላዋ "እናቴ ከሞተች ወዲህ በሷ ቄስ ልጠቃለል ብዬ ነው" ትለዋለች። እሱም "መልካም ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብሎ ይሸኛቸዋል። ቤት ለቤት ጠበል የሚረጭበት ቀን ሲደርስ ጥምጣሙን አስሮ ደጁ ላይ ይቀመጣል። የሚጠራው ሰው የለም።

አግዳሚውን ቀየርሁ፤ በዚህ ጊዜ በደረቅ እንጨት፣ በሦስት ቋሚ። አሸንዳውንም አፈረስሁትና ክዳኑን አንድ አደረግሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሐምሌ ላይ ሕፃኑ አርባ ቀን ሞላውና ክርስትና ተነሳ። ለድግሱ የመጣው ሰው ከጥቂት ዘመድ አያልፍም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሴቶቹ ልጁን ይዘው ሲገቡ እኔና ወንድሜ ከውጭ ቀረን። ሰማዩ ተሸፍኖ ነበር። ወንድሜ ብዙ ከስቷል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለኝ። "እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ አናጢ ንገረኝ።"

"ይጠይቁ አባ።"

"ያን ሽብልቅ ባትመታው ኖሮ፣ ያ በረዶ ይመጣ ነበር?"

የሚቀልድ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁት፤ አይቀልድም። ይህን ሁሉ ቀን ተሸክሞት የዞረው ይህን ነው። ይመጣ ነበር ብዬ ብመልስለት፣ ያስተማረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ያን ድሀ ያስለቀሰው፣ የነፍስ ልጆቹን ያጣውም በከንቱ ነው ማለቴ ነው። አይመጣም ነበር ብዬ ብመልስለት፣ የአገሩን ማሳ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ልጁንም ያዳንሁት በዚያ ዋጋ ነው። ደመና ከየት እንደሚነሳ ዕድሜ ልኬን አይቻለሁ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን አፌ አልከፈት አለኝ፤ ለካ እኔም ራሴን ስጠይቅ ነው የከረምሁት።

"አላውቅም" አልሁት።

ከዚያ ነጠላውን ሰብስቦ ተነሳ።

"እኔስ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር" አለኝ።